የጭቃ ግድግዳ ላይ ምን ልስቀል? በምንስ ልስቀል?

ጥያቄ፦ ሳሎኗ ባዶ
ሰላም የጎንደር ልጆች። ማራኪ አካባቢ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይቻለሁ። ግድግዳው ተለስኖ ላዩ ኖራ የተቀባ ነው። አንድ ሚስማር ብመታ መዳፌን የሚያህል ልስን ረገፈ። አከራዬ እሰይ አላሉኝም። በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተርም ሞከርኩ፤ ሌሊት ከነኖራው ተገንጥሎ ወደቀ። በድንጋጤ ነው የነቃሁት።

ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ እናቴ የሰጠችኝን አምስት ሰፌድ መስቀል። ሁለተኛ፣ የዚሁ የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መላእክት አቡጀዲ ላይ ራሴ መሳል። ሥዕል የመጨረሻ የነካሁት ስምንተኛ ክፍል ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ የእጄ ሥራ ይሁንልኝ ብዬ ነው።

መልስ፦ አናጺው
እህቴ፣ ግድግዳሽ ውስጥ እንጨት አለ። ጭቃ ቤት የሚቆመው በቋሚና በማገር ነው፤ አንቺ የመታሽው ጭቃውን ነው። ከላይ፣ ከኮርኒሱ ዝቅ ብለሽ፣ በቀጭን ሚስማር ቀስ እያልሽ ውጊው። ዝም ብሎ ከገባ ጭቃ ነው። ከያዘሽ እንጨት አግኝተሻል፤ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ልስኑን በድሪል ቀድመሽ ብሺው። ሳይበሱ በመዶሻ መምታት ነው ልስን የሚያረግፈው። 8 ቁጥር ሚስማር ይበቃል፤ ልስኑ ወፍራም ከሆነ 10።

ለእያንዳንዱ ሰፌድ ሚስማር አትምቺ። ሁለት ቋሚ ላይ አንድ ቀጭን ጣውላ አግድመሽ ምቺና ሁሉንም ከእሱ ላይ በሲባጎ አንጠልጥይ። ስትለቂ የሚደፈነው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ከአከራይ ጋርም ፍቅር።

መልስ፦ የአዘዞዋ ሰፌድ ሰፊ
ሲባጎውን ጠርዙ ላይ እንዳታስሪው! የመጨረሻው ዙር ክብደት አይችልም፤ ይላላል። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ዙር ወደ ውስጥ ገብተሽ፣ በጀርባው በኩል፣ በወስፌ ሁለት ቦታ አሳልፊው። አለላው፣ ቀለም የተነከረው ሣር፣ ደግሞ ፀሐይ አይወድም። መስኮት ፊት ለፊት ከሰቀልሽው ቀዩ በዓመቱ ይገረጣል። ውሃም አታስነኪው፤ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ።

አምስቱን መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሪያቸው። ትልቁ መሃል ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ እኔ ወደ ጎን ዝቅ ሳደርገው ነው የሚያምረኝ። አያቴ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ብታይ «እህሉ በምን ሊንገዋለል ነው?» ነበር የምትለው።

መልስ፦ ቀለም የነካው
ስለ ሥዕሉ ልንገርሽ። የድሮ የጎንደር ሠዓሊዎችም ጥጥ ጨርቅ ላይ እየሳሉ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ስለዚህ አቡጀዲው አላሳሳተሽም። አንቺ ግን እንዳትለጥፊው። ግድግዳሽ ክረምት እርጥበት ይስባል።

አቡጀዲውን በሙቅ ውሃ እጠቢው፤ ካልታጠበ፣ ኋላ ይሸበሸባል። በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሪው፤ ከየጎኑ መሃል ጀምረሽ ወደ ማዕዘን ሂጂ። ከማዕዘን የጀመርሽ እንደሆነ መሃሉ ይረግባል፤ እኔ ሁለት ጨርቅ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። አንድ ስኒ ቪኒል ኮላ በሁለት ስኒ ውሃ በጥብጠሽ ቀቢ። ሲደርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ፤ በመሃል በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጊው። ቀለሙን ለየብቻ አትግዢ። ያው ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ላይ ቀለም ቤት የሚሸጡትን ማቅለሚያዎች ጠብ እያደረግሽ ማዋሃድ ነው።

ፊቱን በቡና ስኒ አፍ ክበቢ። ቆዳውን ቀቢ፣ ጸጉር፣ ክንፍ፣ ከዚያ ጥቁሩን መስመር። ዓይን ከሁሉም ኋላ፣ እጅሽ ከተፍታታ በኋላ። ሁለቱም ዓይን ይታይ! በእኛ አሳሳል በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉው ነው። መልአክ በጎን ብትስይ አባቶች ይስቁብሻል።

መልስ፦ ጋሼ ዝምተኛው
ልጄ፣ ሙያሽን ይባርክልሽ። እኔ ግን መላእክትን ከቴሌቪዥን በላይ፣ ከሶፋ ጀርባ መስቀል አይጥመኝም። ያቺ ደብር በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈች ናት፤ ጣሪያዋን ስናይ የሚሰማን ሌላ ነው። የምትጸልይበት ንጹሕ ቦታ ካለሽ እዚያ ይሁን፤ የነፍስ አባትሽንም ጠይቂ። ለሳሎኑ ግን የብራና መጽሐፍ ላይ ያለውን ሐረግ፣ ያንን የተጠላለፈ ጌጥ፣ ብትስይስ?

መልስ፦ ቀለም የነካው
ጋሼ ልክ ናቸው። እንዲያውም ለጀማሪ ሐረግ ይሻላል፤ መስመሩ ቢንሻፈፍ ማንም አያኮርፍም። የነጠላሽን ጥለት ገልብጪና ጀምሪ።

መልስ፦ አናጺው
አንድ ነገር ረሳሁ። ፍሬሙ ግድግዳው ላይ አይለጠፍ። ከጀርባው አራቱም ማዕዘን ላይ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጠሽ በኮላ አጣብቂ። አየር ካላለፈ በነሐሴ ሻጋታ ነው የምትሰቅይው።

ጠያቂዋ፦ ሳሎኗ ባዶ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጣውላው ተመታ። እንጨቱን ያገኘሁት በአራተኛው ሙከራ ነው፤ ሦስቱን ቀዳዳ በጀሶ ደፍኛለሁ። ሰፌዶቹ ተሰቅለዋል፤ ትልቁ ወደ ጎን ዝቅ ብሏል። ሐረጉ ገና እርሳስ ላይ ነው፤ መላእክቱ ይቆዩኝ።

አከራዬ ትናንት ለቡና ገቡ። ሰፌዱን ነካ አድርገው «ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉኝ። ጣውላውን ቀና ብለው አላዩትም።