መብራቱ በቅድሚያ ለማን? ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይስ ለገጠሩ ምጣድ?

አወያዩ (ደሴ)፦
የዚህ ሳምንት ክርክራችን የመብራት ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ ወዲህ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየሻይ ቤቱ የምሰማው «እኛ ዘንድ መቼ ይደርሳል?» የሚለውን ነው። ጠያቂው ግን በዝቷል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ በጦርነቱ ተዘርፎ፣ ኃይልና ጥገና እየጠበቀ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው መጣ። በዚያ ላይ ገና አንድ አምፖል ያልበራበት ገጠር አለ። ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? የእኔን አቋም አልደብቅም፤ ለጓዳ ነው። የሚሳደብ ከዚህ ይወጣል።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
እኔ ለፋብሪካው ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ስለሆንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ሲል ቤታችሁ ውስጥ አምፖሉ ጠፍቶ ይበራል፤ አለቀ። መፍተያ ማሽን ላይ ግን ክሩ ሁሉ ይበጠሳል። ከዚያ ሴቶቹ በመደዳው እየሄዱ እያንዳንዱን ክር በጣታቸው ይቀጥላሉ። መብራቱ የተመለሰው ወዲያው ነው፤ ሥራው የሚመለሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በቀን ደጋግሞ እንዲህ ከሆነ ፋብሪካው በናፍጣ ጄኔሬተር ይሠራል፤ ትርፉን ናፍጣው ይበላዋል፤ ቀጥሎ የሚቀነሰው ሠራተኛ ነው። ፋብሪካ የሚከፍለው የመብራት ሒሳብ ነው ገጠር ድረስ ሽቦ የሚገዛው። ላሚቱን ሳትመግቡ ወተት አትጠብቁ።

ባለ ምጣዷ (ደሴ)፦
አብሽር ልጄ፤ ላምህን ማንም አልነካብህም። እኔ ለሆቴሎች እንጀራ እየጋገርኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። የእኔስ ፋብሪካ አይደለም? ማታ ሰው ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይደክማል፤ ምጣዱ አይግልም። ያልጋለ ምጣድ ላይ ሊጥ ስታፈስስ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከሥሩ ይጣበቅና ሲነሣ ይቀደዳል። የተቀደደ እንጀራ ደግሞ ሆቴል አይቀበልም። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እነሣለሁ። እኔ እንኳ ከተማ ነኝ፤ ከኩታበር ወዲያ ያለችው እህቴ በእንጨት ጭስ ዓይኗ አልቋል። «ደን አትጨፍጭፉ» ይሉናል፤ እሺ፣ በምን እንጋግር?

የቦርከና ልጅ፦
እትዬ፣ በአክብሮት ነው የምመልሰው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። 100,000 ቤት በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢሰካ 350 ሜጋ ዋት ነው። የተከዜ ግድብ በሙሉ አቅሙ 300 ነው። አንድ ሰፊ ዞን እንኳ ሳይጠግብ ተከዜን ጨረስነው ማለት ነው።

መምህሩ (ቆቦ)፦
የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህን ስሌት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ማባዛቱ ትክክል ነው፤ ግምቱ ነው ስሕተቱ። 100,000 ቤት በአንድ ሰዓት አይጋግርም። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግር፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ያህል ቢፈጅበት፣ ምጣዱ የሚሠራው ከሳምንቱ 168 ሰዓት አራቱን ብቻ ነው። ችግሩ የሁሉም ሰው ሰዓት መገጣጠሙ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መፍትሔ አለው፤ በሰዓት የሚለይ ታሪፍ አንዱ ነው። በሌሊት ርካሽ ቢሆን የባለ ምጣዷ እንቅልፍ ማጣት ቢያንስ ዋጋ ያገኝ ነበር።

ለሌላው ወገን ደግሞ እንዲህ እላለሁ። 5,150 የሚለውን ቁጥር እንደ ዘወትር ገቢ አትቁጠሩት። ግድቡ በዓመት ያመነጫል የተባለው ከ15,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ለዓመቱ ሰዓታት ስታካፍሉት አማካዩ ከ1,800 ሜጋ ዋት ብዙም አይርቅም። ተርባይኑ ያለ ውኃ ብረት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የአገራችን ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ጎድሎ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተነግሮ፣ አገሩ ሁሉ በፈረቃ መብራት ከረመ። በ2001 ዓ.ም. የነበረውን ፈረቃ የሚያስታውስም አይጠፋም። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ወሎ ከማንም አይማርም። ስለዚህ «ለማን?» ከማለታችን በፊት «ከምን?» እንበል። ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ልክ ወንዙ ሲጎድል። 120 ሜጋ ዋት የሆነው የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያ በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ጎረቤታችን ትግራይ ውስጥ ነው። የእኛ ተራሮችስ ነፋስ አጡ? ፀሐዩም እንዲሁ። አፋር ዲቼቶ ላይ 125 ሜጋ ዋት ሊተከል በ2012 ዓ.ም. ውል ተፈርሞ ነበር፤ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። ሳይተከል ቀረ። ፀሐይ ጠፍቶ አይደለም፤ ባለሀብቱ የሚከፈለውን ብር በምን ወደ ዶላር እንደሚቀይር መተማመኛ ስላጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቆቦ ጊራና ሸለቆ ውስጥ ጤፍና ሽንኩርት የሚያጠጣው የጉድጓድ ውኃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሳብ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሳው ይደርቃል። ይህ ፋብሪካ ነው ጓዳ? አወያያችን ጥያቄውን ሲያወጣ ገበሬውን የት እንዳስቀመጠው አልገባኝም።

አወያዩ፦
ልክ ነው መምህር፤ ገበሬውን ከጓዳ ጋር ቆጥሬዋለሁ ብል ታምኑኛላችሁ?

ወሎዬው (አዲስ አበባ)፦
ሁላችሁም ስለ እኛ ስታወሩ ኃይሉ ወደ ጂቡቲ፣ ሱዳንና ኬንያ እየሄደ መሆኑን ረሳችሁት። በኮምፒውተር ቢትኮይን ለሚያመርቱት፣ ለዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎችም ሲሸጥ ቆይቷል። አገሬው ግማሽ ያህሉ በጨለማ እያለ ኮምፒውተር ይሞቃል!

የቦርከና ልጅ፦
ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ለኬንያ ባይሸጥ ያ ኃይል ሌሊቱን ተጉዞ ደላንታ አይገባም። ውኃው ዝም ብሎ ይፈስሳል እንጂ። የጎደለን የሚመነጨው ሳይሆን የሚያደርሰው ነው። ትራንስፎርመርና ሽቦ ደግሞ በዶላር ነው የሚገዛው፤ ዶላሩን የሚያመጣው ያ ሽያጭ ነው። የዳታ ማይኒንጉን ግን አልከላከልልህም። ለአንድ ሜጋ ዋት ስንት ሰው ይቀጥራል? አዲስ ጠያቂ አንቀበልም መባሉ ደግ ነው።

አያ ወፍጮ (ደላንታ)፦
ቆይ ቆይ፤ ስለ ደላንታ ከተነሣ እኔም ልናገር። የናፍጣ ወፍጮ አለኝ። ናፍጣ በጨመረ ቁጥር የመፍጫ ዋጋ እጨምራለሁ፤ ሰዉ ይረግመኛል፤ እኔም በልቤ እውነቱን ነው እላለሁ። የፀሐይ ሰሌዳ ጣሪያዬ ላይ አለ፤ ስልክ ይሞላል፣ ሁለት አምፖል ያበራል፣ አልሐምዱሊላህ። ወፍጮ ግን አያዞርም። ከተማ ያላችሁ «ፀሐይ ይበቃቸዋል» ስትሉን ደስ አይለኝም፤ እኛም እንደ ሰው መፍጨት፣ መበየድ፣ መጋገር እንፈልጋለን። ደግሞ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ወደ እህቴ አገር ወደ መርሳ ስወርድ ያ ትልቁ የብረት ምሰሶ በማሳዋ ላይ ያልፋል፤ ሽቦው ከላይ እዝዝ ይላል፤ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ኩራዝ ያበራሉ። ከዚያ ላይ አንድ ሽቦ መጎተት ምኑ ነው የሚከብደው?

የቦርከና ልጅ፦
አያ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ የሚሄደው መስመር 230 ኪሎ ቮልት ነው። ያን ተሸክሞ የሚያወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ ካልተሠራ አይነካም። ጣቢያው ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ያወርደዋል፤ ያ መስመር በምሰሶ እየተጎተተ ቀበሌው ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ መንደሩ ውስጥ ትራንስፎርመር ወደ 380 ቮልት ይቀንሰዋል። ትልቁ መስመር አውራ ጎዳና ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት መውጫውን ነው። አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ለአንድ መንደር ተብሎ አይሠራም።

ባለ ምጣዷ፦
እሺ፣ ትራንስፎርመሩ መጣ እንበል። የእህቴ ቀበሌ ገንዘብ አዋጥቶ ምሰሶ ተክሏል። ስንት ምጣድ ይሸከማል?

የቦርከና ልጅ፦
ለትንሽ መንደር 50 ኬቪኤ ነው የሚሰጠው፤ ቢበዛ 50 ኪሎ ዋት ይሸከማል በሉት። 14 ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ሞላ፤ አምፖሉንና ቴሌቪዥኑን ሳንቆጥር። አስራ አምስተኛዋ ስትሰካ ይግላል፤ እየደጋገመ ከጋለ ዘይቱ ይበላሻል፤ ይቃጠላል። ከዚያ ተተኪው እስኪመጣ መንደሩ ወደ ጭሱ ይመለሳል። ያየሁት ነው።

መምህሩ፦
ስለዚህ ቅድሚያው ለፋብሪካም ለጓዳም ሳይሆን ለትራንስፎርመሩ ይሁን! ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ጭማሪውን እንከፍላለን፤ ግን 50 የነበረው 100 ኬቪኤ ሲሆን ማየት አለብን።

አወያዩ፦
እስከዚያስ? ከ14 በላይ ቤት ያለው መንደር ምን ያድርግ?

ባለ ምጣዷ፦
ተራ ይግቡ። ግማሹ ሰኞና ሐሙስ፣ ግማሹ ማክሰኞና ዓርብ። እንግዳ ተራ ጠብቆ አይመጣም እንጂ፣ ሴቶቹ ተነጋግረው ያስተካክሉታል።

አያ ወፍጮ፦
እኔን ረሳችሁኝ! ናፍጣውን አውጥቼ የኤሌክትሪክ ሞተር ብገጥም የስንት ምጣድ ቦታ እይዛለሁ?

የቦርከና ልጅ፦
15 ኪሎ ዋት ሞተር ከገጠሙ ከአራት ምጣድ በላይ፤ ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ እጥፍ ይስባል። ሴቶቹ እየጋገሩ ካስነሡት ምጣዱ ሁሉ ይቀዘቅዛል።

ባለ ምጣዷ፦
አያ ቀን ይፍጩ፤ ሌሊቱን ለሴቶቹ ይተዉ።

አያ ወፍጮ፦
ቀን እሺ። የገበያውን ቀን ግን ከነሌሊቱ ነው የምፈልገው፤ እሱን ከሰጣችሁኝ ሌላው የእናንተ ነው።