ሉዊዚያና «የዓለም ጤና ድርጅት እዚህ ሥልጣን የለውም» ብላለች አሉ፤ የልጄ የክትባት ካርድና የትኬት ብድሬስ?

ጥያቄ፦ እናት ከኒው ኦርሊንስ

ሰላም ለሁላችሁ። ከናይሮቢ በስደተኛ ኬዝ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ነው። የክትባት ካርዱ አዲስ አበባ የተሞላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ያለባት ቢጫ ካርድም አለችው። ሥራ ቦታ አንዱ «እዚህ ስቴት ዩኤንንና የዓለም ጤና ድርጅትን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል፣ ወረቀትሽን ማንም አያየውም» አለኝ። ሌላው ሳቀና «እንግዲያው የአይኦኤምን (የዓለም አቀፉን የስደት ድርጅት) የአውሮፕላን ትኬት ብድርም ተዪው፣ እሱም የዩኤን ነው» አለ። ቀልዱን ትተን፣ እውነት ሕግ አለ? ልጄስ እንደ አዲስ ሊወጋ ነው?

መልስ፦ የባቶን ሩዡ

እህቴ፣ ሕጉስ አለ። በፈረንጅ 2024 ሴኔቱ 37 ለ 0 አሳለፈው፣ ገዥው ጄፍ ላንድሪ ፈረሙበት፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ጸና። ሦስት ስም ይጠራል፦ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም። እነዚህ የሚያወጡትን ደንብ፣ ክፍያ፣ ግብር ወይም ግዴታ ስቴቱም፣ መሥሪያ ቤቶቹም፣ ፓሪሾቹም እንዳያስፈጽሙ ይላል። (ካውንቲን እዚህ ፓሪሽ ይሉታል። «ደብር» ብለሽ ያዥው።)

የታሰረው የመሥሪያ ቤቱ እጅ ነው። የልጅሽ ካርድ የማንም ትእዛዝ አይደለም፤ ምን መቼ እንደተወጋ የተጻፈበት ማስረጃ ነው። ለትምህርት ቤት የትኛው ክትባት ይጠየቃል የሚለውን ደግሞ ድሮም የሚወስነው ስቴቱ ራሱ ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ ሜተሪ

የኔ ጣጣ ከቀን መቁጠሪያው እንጂ ከሕጉ አልመጣም። ልጄ ኅዳር 25 ቀን 2010 በኛ ተወለደ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 2017። ካርዱ ላይ የ45 ቀን ክትባቱ «10/5/2010» ተብሎ ተጽፏል፤ ጥር 10 ማለት ነው። ነርሷ «ኦክቶበር 5፣ 2010» ብላ አነበበችው። ካርዱን አየች፣ ልጁን አየች፣ እኔን አየችኝ። ሊወለድ ሰባት ዓመት ሲቀረው ተከትቧል!

ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ በሚተረጉም ሰው አስተርጉመሽ ከዋናው ጋር አያይዢ። የሕፃናት ክሊኒኩ ሊንክስ በሚባለው የስቴቱ የክትባት መዝገብ ውስጥ ያስገባልሻል።

አንቺ ግን ያቺን ነጭ የአይኦኤም ላስቲክ ቦርሳ አልጣልሻትም አይደል? ከጉዞ በፊት የተደረገላችሁ ምርመራና የክትባት ቅጽ በፈረንጅ ቀን ተሞልቶ ውስጧ አለ። እሱን አስቀድመሽ አሳዪ። የጎደለ ካለ የጎደለውን ብቻ ይሰጡታል። ቢጫዋ ካርድ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ናት፣ ትምህርት ቤት አይጠይቃትም። ለጉዞ ግን ከፈረንጅ 2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ታገለግላለች፣ አስቀምጫት።

መልስ፦ ጠርጣራው

ነገሩን አታቅልሉት። ሕጉን በጆሮው ብቻ የሰማ የካውንተር ሠራተኛ «አንቀበልም» ቢልስ? አንቀጽ ጠቅሳ ልትከራከረው ነው?

መልስ፦ የሕግ ተማሪ

መከራከር አያስፈልግም። «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ፣ አለቃህንም ጥራልኝ» ማለት ይበቃል። አብዛኛው እዚያ ላይ ይለዝባል።

በኔ እይታ ሕጉ ያልነበረ ሥልጣን ነው የከለከለው። የዓለም ጤና ድርጅት ኒው ኦርሊንስ ላይ ክትባት የማዘዝ ሥልጣን መቼም ኖሮት አያውቅም። አሜሪካ ያጸደቀችው ውል ከሆነ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከስቴት ሕግ በላይ ነው። እኛ ጋ አንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሚያደርገው መሆኑ ነው። ግን እዚህ ያም ቢሆን ልጓም አለው። በፈረንጅ 2004 ላይ የዓለም ፍርድ ቤት፣ አሜሪካ በገባችበት ውል መሠረት፣ እዚህ አገር ሞት የተፈረደባቸው የ51 ሜክሲኳውያን ጉዳይ እንደገና ይታይ አለ። ቴክሳስ አልሰማም አለች። በፈረንጅ 2008 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ኮንግረስ በሕግ ካላስፈጸመው ቴክሳስን አያስገድድም» ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው የሉዊዚያና ሕግ ሳይታሰብ ነው።

ብድሩን ክፈይ። አይኦኤም ወደ ዩኤን ቤተሰብ የገባው በፈረንጅ 2016 ነው፣ ያልሺው ሰው እሱን አልተሳሳተም። ብድሩ ግን ከመሳፈርሽ በፊት የፈረምሽው ውል ነው፣ ገንዘቡም ከፌዴራል መንግሥት የወጣ ነው። ወለድ የለውም። በጊዜው ከከፈልሽ ክሬዲት (የብድር ታሪክ) ይሠራልሻል፤ ከተውሽው ያበላሽብሻል። ወሩ ካጠረሽ የብድሩ ደብዳቤ ላይ ላለው ኤጀንሲ ደውለሽ ክፍያው እንዲቀነስልሽ ጠይቂ።

ጠያቂዋ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ቦርሳዋን አገኘኋት፣ የክረምት ጫማ ከትቼባት ነበር። ቅጹ ውስጧ አለ፣ ጥግ ጥጉ ተጣጥፏል እንጂ ይነበባል። ክሊኒኩ ሐሙስ ቀጥሮኛል። የሜተሪው ወንድሜ፣ ቀኖቹን ያስተረጎምከው የት ነው? በስንት?