ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ማስተርስ ለምታስቡ፦ የት ማመልከት፣ በምን መሥራት

ሰሞኑን ሦስት ልጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጡ። አንዷ በሂሳብ፣ አንዱ በፊዚክስ፣ አንዱ በሲቪል ምህንድስና የተመረቁ ናቸው። "ማስተርሴን በኮምፒውቴሽናል ሳይንስ መሥራት እፈልጋለሁ፤ የት ላመልክት? ምን ላፕቶፕ ልግዛ?" ለየብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። መንገዱን ሄጄበታለሁ። የጠቀመኝንም የጎዳኝንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንግባባ። ስሙ ስለሚቀራረብ ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። አፕ መሥራት የሚፈልግ ሰው እዚህ ከገባ ይበሳጫል። የዚህ ሙያ ሥራ የተፈጥሮን ነገር በሂሳብ መጻፍ፣ ከዚያም በወረቀት አልፈታ ያለውን ሂሳብ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ጎርፉ የት ይደርሳል? ወባ በየትኛው ወር ይብሳል? ድልድዩ ስንት ይሸከማል? ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ራሳችሁን ለመፈተን የእንጀራ ምጣድ ውሰዱ። ምጣዱን በሐሳብ በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሉት። እያንዳንዱ ካሬ ከአራቱ ጎረቤቶቹ ጋር ሙቀት ይቀባበላል። ይህን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለመጻፍ 30 መስመር ይበቃል። ሙቀቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዚያ የጊዜውን እርምጃ ትንሽ አስረዝሙት። ቁጥሮቹ ያብዳሉ። አንዱ ካሬ ሚሊዮን ዲግሪ ሲሆን ጎረቤቱ ከዜሮ በታች ሚሊዮን ይሆናል። ኮዱ ላይ አንድም ስህተት የለም። የሸክላውን ሙቀት የማስተላለፍ መጠን (ተርማል ዲፊዩሲቪቲ የሚሉትን) በጊዜው እርምጃ አባዙና ለካሬው ጎን ስኩዌር አካፍሉ። ውጤቱ ከ0.25 በለጠ ማለት ስሌቱ ይፈነዳል። "ለምን 0.25 ሆነ?" ብላችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ ይህ ትምህርት የእናንተ ነው። ካልሆነም ክፋት የለውም፤ ሁለት ዓመት ከማጥፋት አንድ ምሽት ማጥፋት ይሻላል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠቁመው ኤይምስን ነው። ሙሉ ስሙ የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኒል ቱሮክ በ2003 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ስለ ውጭ ተቋማት የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕታውን አጠገብ ሙዘንበርግ ላይ አቋቋመው። ከዚያ በኋላ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳ ተከፍቷል። ማስተርሱ 10 ወር ነው። ለሚያልፉት ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና ጉዞው ይሸፈናል። ለማመልከትም አይከፈልም። ወላጆቻችሁን ብር ሳትጠይቁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ግን የማስቀድመው በነጻነቱ ብቻ አይደለም። አስተማሪዎቹ ከተለያየ አገር ለአጭር ጊዜ ይመጣሉ፤ አንድ ኮርስ በሦስት ሳምንት ገደማ ያልቃል። ተማሪና አስተማሪ አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። የኮምፒውተር ላቦራቶሪው በር ሌሊትም ክፍት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመሠረቱ የተመደቡ ናቸው፦ ሊኑክስ (ነጻው የኮምፒውተር ሥርዓት)፣ ፓይተን፣ ሌቴክ (የሂሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ)፣ የሂሳብ አቀራረብ። ከአገር ቤት ኮድ ሳይነኩ የተመረቁ ልጆች እዚያ ሲደርሱ ይደነግጣሉ፤ በሁለተኛው ወር ግን ከሌላው እኩል ይሄዳሉ። እዚያ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ሁሌ የሚያነሳው ከናይጄሪያና ከማዳጋስካር ልጆች ጋር እስከ ንጋት አንድ ስህተት ሲፈልጉ ያደሩበትን ሌሊት ነው። ይህን ሙያ ብቻውን ሆኖ የሚማረው ሰው ጥቂት ነው፤ አብሮ የሚያመሽ ሰው ያስፈልጋል።

ጉድለትም አለው። 10 ወር አጭር ነው። የምርምር ጊዜውም በዚያው ልክ ጠባብ ስለሆነ ጠለቅ ያለ ቴሲስ አይጠበቅም። ወዲያው ወደ ፒኤችዲ መሄድ የሚፈልግ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሌላ ማስተርስ ሊጠየቅ ይችላል። ትንሽ ልጅ ላለው ወይም የታመመ ወላጅ ለሚያስታምም ሰው ደግሞ ግቢ ውስጥ መኖሩ ከባድ ነው።

አገር ቤት መቅረት የሚፈልግ አራት ኪሎን ይመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ኮሌጅ እዚያ ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው፤ ሰው የሚወድቀው በሂሳቡ ሳይሆን በእንግሊዝኛውና በሰዓት እጥረቱ ነውና ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። አገር ቤት የመማር ትልቁ ጥቅም ጥያቄያችሁ ከደጃችሁ መሆኑ ነው። የአዋሽን ጎርፍ ወይም የአፋርን ስምጥ ሸለቆ የሚያጠና ሰው ቦታውን ሄዶ ያያል። መረጃውን የሚሰበስበውን ሰው በአካል ያናግራል። ፈረንጅ አገር ሆኖ በኢሜይል ወር የሚያስጠብቀው ነገር እዚህ በአንድ ቡና ያልቃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልምከር። ከመመዝገባችሁ በፊት አማካሪ ፈልጉ። እኔ ማስተርሴን በሠራሁበት ግቢ (ስሙን አልጠራም) ኮርሱን ከጨረስኩ በኋላ አምስት ወር ያለ አማካሪ ቆየሁ። እነዚያ አምስት ወራት እስካሁን ይቆጩኛል። የመምህሩን ጽሑፍ አንብቡ፣ ቢሮው ሂዱ፣ "ከእርስዎ ጋር ይህን መሥራት እፈልጋለሁ" በሉ። ደግሞም "ተማሪዎችዎ የሚያሰሉት በምን ማሽን ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "በየራሳቸው ላፕቶፕ" ከሆነ ርዕሳችሁን በዚያው ልክ ምረጡ። ትልቅ ስሌት የሚፈልግ ሰው ቂሊንጦ ያለውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲንም ያናግር፤ ለከፍተኛ ስሌትና ለቢግ ዳታ የተቋቋመ ማዕከል አለው።

ኪጋሊ ላይ ሌላም በር አለ። ጣሊያን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል (አይሲቲፒ) በ2018 ከሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር የከፈተው የምሥራቅ አፍሪካ ተቋም በፊዚክስ ማስተርስ ይሰጣል። የፊዚክስ ልጆች፣ ይህን እንዳታልፉት። ትሪየስቴ ያለውን ዋናውን አይሲቲፒ በ1964 ያቋቋመው ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም ነው። እዚያ ያለው የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ማስተርስ ባይሆንም ለፒኤችዲ ጥሩ መወጣጫ ነው፤ ከታዳጊ አገር የሚሄድ ተማሪም አይከፍልም።

ስለ አውሮፓ ብዙ ተጠይቄያለሁ፤ በአጭሩ ልለፈው። ኢራስመስ ሙንዱስን (የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ያለባቸውን የጋራ ማስተርሶች) ሁልጊዜ ሞክሩ። ስኮላርሺፑ በወር 1,400 ዩሮ ነው፣ እስከ 24 ወር። ከጣሊያኗ ላኩዊላ የሚመራው ማትሞድስ የሚባለው የሂሳብ ሞዴሊንግ ማስተርስ ለዚህ ሙያ ቅርብ ነው። ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ስም ማስተርስ አለው፤ የስዊድን መንግሥት ስኮላርሺፕ ግን 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ተመርቆ ነገ ለሚያመለክት አይሆንም፤ ጥቂት ዓመት ላስተማረ ሰው ግን ይሆናል። የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በነጻ ያስተምር ነበር። ከ2023 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ ይከፍላል። የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳትሸወዱ።

ጀርመንም እንደዚሁ። በርሊን የሚገኘው ፍራይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ የትምህርት ክፍያ የለውም። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ2024 መጸው ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎች በሴሚስተር 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ ያስከፍላል። "ነጻ" በሚባለው በርሊን እንኳ ቪዛ ለማግኘት ብሎክድ አካውንት የሚሉት (ገንዘቡ ታግዶ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚለቀቅበት) ሒሳብ ውስጥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ መታየት አለበት። ይህን ገንዘብ ዲሲ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ ካልሸፈነው ለአብዛኞቻችን አይሞከርም። ዘመድ ቃል ከገባላችሁም ከማመልከታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። በመሐል ቃሉ ታጥፎ የቀረ ልጅ አውቃለሁ፤ ዓመቱም ዘመድነቱም ተበላሸ።

ለኤጀንት ገንዘብ አትክፈሉ። እነዚህን ሁሉ ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ለአንድ ቢሮ ከፍሎ ማመልከቻው ሳይላክ ቀኑ ያለፈበት ልጅ አልቅሶ ነግሮኛል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ወረቀቱ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ኮስት ሼሪንጋችሁን ሳትጨርሱ ዋናው ዲግሪ እጃችሁ አይገባም። ትራንስክሪፕት ማስላክ፣ ማስረጃ ማረጋገጥ፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተም፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። የማመልከቻ ቀኑ ጥር ከሆነ መስከረም ላይ ጀምሩ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ደግሞ ከወር በፊት ጠይቁት፣ የሠራችሁትንም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። "ጎበዝ ተማሪ ነበረች" የሚል ደብዳቤ ማንንም አያስገባም።

ላፕቶፕ። አዲስና የሚያብረቀርቅ አትፈልጉ። ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 የእኔ ምርጫ ነው። ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ የሚነቀል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳታጠፉ የውጩን በሌላ ትቀይራላችሁ። ራም መጨመሪያ ሁለት ቦታ አለው፣ እስከ 32 ጊጋ ይወስዳል። በ8 ገዝታችሁ ብር ሲገኝ መጨመር ትችላላችሁ። ዴል ላቲቱድ 7490ም ጠንካራ ነው፣ ይቀላልም፤ ባትሪው ግን አንድ ብቻ ነው። ማክቡክ ኤር ባትሪው ረጅም ሰዓት ይሄዳል፤ ሆኖም ራሙ አይቀየርም፣ በ8 ከገዛችሁት በ8 ይቀራል። ለዚህ ትምህርት ከ16 በታች ያጨናንቃል፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት። እኔ ይህን ሳላደርግ የገዛሁት ቤት ስደርስ 20 ደቂቃ አልቆየም።

ሶፍትዌር ላይ ማትላብን (የሚከፈልበትን የስሌት ፕሮግራም) በተሰረቀ ቁልፍ ከመጫን ኦክታቭን ጫኑ። ነጻ ነው፣ አብዛኛውን የማትላብ ኮድም ያነባል። ከሁለቱም ይልቅ ግን ፓይተን ላይ ጊዜያችሁን አፍስሱ። ፎርትራን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋም አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የአየር ንብረት ሞዴሎች ዛሬም በብዛት በእሱ ይሠራሉ።

ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ቺፕ) ለሚያስፈልገው በኢንተርኔት የሚሠራባቸው ኮላብና ካግል አሉ፣ ሁለቱም በነጻ ይጀምራሉ። ለእኛ አገር ኢንተርኔት ካግል ይሻላል ባይ ነኝ። ኮላብ ገጹን ዘግታችሁ ከቆያችሁ ያቋርጣል፣ የተሰላውም ይጠፋል። ካግል ላይ ግን ሥራውን አስጀምራችሁ ኮምፒውተሩን መዝጋት ትችላላችሁ፤ ከጀርባ ያሰላል፣ ጠዋት ውጤቱን ታገኛላችሁ። መረጃ ለማውረድ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምን የሌሊት ጥቅል ተጠቀሙ። ሳፋሪኮምን የሚመርጡ ጓደኞች አሉኝ፤ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ሁለቱንም ሲም ይዛችሁ ቤታችሁ ሞክሩ።

ቤት ውስጥ ጸጥታ ለሌለው አብርሆት አለ። በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2014 የተከፈተው ይህ ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፣ በነጻ ነው። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ጥሩ ቦታ ያገኛል። የእኔ ቴሲስ ጊዜ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ስንቱን ሌሊት ባተረፍኩ።

የምጣዱን ኮድ ዛሬ ማታ ጻፉት። ከፈነዳባችሁ የካሬውን ጎን፣ የጊዜውን እርምጃና የማስተላለፍ መጠኑን ከታች ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።