ክርክር፦ የነዳጅ መኪና መከልከሉ ልክ ነበር ወይስ ችኮላ?

አወያይ፦ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ፣ አዳማ ውስጥ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እርምጃው ልክ ነበር ወይስ ችኮላ? የሚነዳውም የሚጠግነውም ይናገር።

ሹፌር፦ ልክ ነበር። አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ማደያ ተሰልፌ ያደርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ማታ ግቢዬ ውስጥ ሰክቼ እተኛለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ከባትሪው 34 ከመቶ ይሄዳል፣ ስመለስ 23 ብቻ። ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከፍጥነት መስጫው ሳነሳ መኪናው ራሱ ይይዛል፣ ባትሪውም ይሞላል። ድሮ ያ ቁልቁለት የፍሬን ሸራ ይጨርስብኝ ነበር።

መምህርት፦ ቁጥሩ ያስኬዳል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሁለት ቶን መኪና ያን ያህል ሽቅብ ማውጣት ብቻውን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ይሆንና ከፊሉን ይመልሳል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ የራሳችን ነው። እዚሁ አጠገባችን ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋዋት ናቸው። ቤንዚን ግን በዶላር ነው የሚመጣው።

መካኒክ፦ ኤሌክትሪኩን ማን ጠላ? ችኮላ ነው የምለው ስለ አሠራሩ ነው። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ መጣ። ኮረኮንች ላይ ድንጋይ የመኪናውን ሆድ መትቶታል። ባትሪው ያለው እዚያው ወለሉ ስር ነው። የአሉሚኒየም ሽፋኑ አውራ ጣት በሚያህል ቦታ ገባ ብሏል፣ አልተቀደደም። ማስጠንቀቂያው የመጣው በቻይንኛ ነው። ስልኬን ደግኜ አስተረጎምኩት።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መኪና ኒሳን ሊፍ ባትሪ በ48 ሞጁል የተከፋፈለ ነበር፤ ሞጁል ማለት ጥቂት ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች፣ አብረው የታሸጉበት ክፍል ነው። የደከመውን ፈትተህ ትቀይራለህ። ከአሁኖቹ ብዙዎቹ ሞጁል የላቸውም፤ ሴሎቹ ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ተለጥፈዋል። ቦታ ይቆጥባል፣ መኪናው ሩቅ ይሄዳል፣ ይገባኛል። ግን ጥቂት ሴል ሲታመም ሙሉ ባትሪው ይቀየር ትባላለህ። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብን ነው የምፈራው።

ሹፌር፦ ወንድሜ፣ የቤንዚኑስ? ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት። ዓመት ተኩል ነዳሁ፣ አንዱንም አልገዛሁም።

መካኒክ፦ እሱ እውነት ነው። ትንንሹ ብልሽት ቀረ፣ ትልቁ ግን እጃችን ላይ የለም። ብርቱካንማዎቹ ገመዶች ውስጥ የሚሄደው 400 ቮልት ገደማ ነው። ጋራዡ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ያለ ጓንት አላስነካቸውም። ሥልጠናውን ማን ሰጣቸው?

መምህርት፦ እዚህ ላይ መካኒኩን እደግፋለሁ። ክልከላው ልክ ነው፣ የጎደለው ቅድመ ሁኔታው ነው። መኪና የሚያስገባ ሁሉ መመርመሪያ ሶፍትዌሩንና መለዋወጫውንም ያስገባ ተብሎ ይታዘዝ። በነገራችን ላይ ሹፌሩ፣ ባትሪህ የብረት ፎስፌት ከሆነ በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙላው። አለበለዚያ የሚያሳይህ ከመቶ እየተሳሳተ ይሄዳል። ያ ዓይነቱ ባትሪ ዕድሜው ረጅም ነው፣ በቀላሉም አይቀጣጠልም።

ሹፌር፦ አስመጪው ይገደድ በሚለው እስማማለሁ። ክልከላው ይነሳ ካላችሁ ግን አልስማማም።

መካኒክ፦ ይነሳ አላልኩም። አንተ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በል። ጉድጓዱ ላይ አቁመን ሆዱን እንየው። ድንጋይ የነካው ቦታ ካለ ክረምቱ ሳይገባ እንወቀው።