ስቶቩ ሲሠራ ስፒናው ይግላል

ሰላም። ኪራይ ቤት ነው ያለሁት፤ የማበስለው ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ ነው። ሽሮ ስሠራ ምንም የለም። ቀይ ወጥ ጥጄ 40 ደቂቃ ሲያልፍ ግን ስፒናው በእጅ አይነካም። ትናንት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ስነቅለው አንዱ እግሩ ጠቁሯል፣ የሶኬቱም ቀዳዳ ዙሪያው ቀልጧል። 16 አምፔር ብሬከሩ አንዴም አልወረደም። በ220 ቮልት ሳሰላው የሚስበው 9 አምፔር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም። ማከፋፈያውን ትቼ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁ፣ ስፒናውንም በአዲስ ቀየርኩ፤ ያው ነው። አከራዬ "ስቶቭሽን ቀይሪ" ይላሉ። ጎረቤት ቤት ወስጄ ምስር ሠራሁበት፤ ስፒናው ለብ ከማለት አላለፈም። እስከዚያው በረንዳ ላይ ከሰል እያራገብኩ ነው። ሶኬቱን ብቻ ባስቀይር ይበቃል ወይስ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም መታየት አለበት?