የሞተር መጋዜ ሲሞቅ አልነሳ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዛፍ የምቆርጥበት የሞተር መጋዝ አስቸግሮኛል። ጠዋት ቾኩን (አየር የሚቀንሰውን ማስነሻ) ስቤ ሦስት አራት ጊዜ ስጎትተው ይነሳል። ሞቆ ካጠፋሁት ግን ክንዴ እስኪዝል ብጎትተው እንቢ ይላል። ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ ሰጪውን) ስፈታው በቤንዚን ርሷል፤ ጫፉም ጥቁር ነው። በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው የምቀላቅለው። የአየር ፊልትሮውን አጥቤያለሁ፣ ካንዴላም ቀይሬያለሁ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ይሆን? ልፍታው ወይስ አልንካው?

ሰንሰለቱም አላሳረፈኝም። በክብ ሞረድ ሞረድኩት፤ ግን ፍቅፋቂ ሳይሆን እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ነው የሚያወጣው። ሲቆርጥም ወደ ቀኝ ይጣመማል። የአንዱ ጎን ጥርስ አጥሮ ይሆን? ግንዶቹ እንደተጋደሙ ዝናብ እየመጣብኝ ነው፤ የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።