የሌሊት ሌባን የገደለ ሰው ይጠየቃልን? ክርክር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ላይ

ከአዘዞ፦
የደምቢያ ገበሬ በሬውን ፈትቶ የሚነዳን ሌባ በሌሊት ተኩሶ ቢገድል በወንጀል ሊጠየቅ አይገባም ብዬ እከራከራለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 መከላከልን የፈቀደው ለሕይወት ብቻ ሳይሆን በሕግ ለተጠበቀ መብት ሁሉ ነው። ሌባው በሬውን እየነዳ እስካለ ድረስ ጥቃቱ አላበቃም፤ ፖሊስ እስኪደርስም ከብቱ ወንዝ ይሻገራል።

ከማራኪ፦
የአዘዞው ወንድማችን ንብረትም በአንቀጹ እንደሚጠበቅ፣ ጥቃቱም ገና እንዳልተቋረጠ መናገራቸው ትክክል ነው። ሆኖም አንቀጹ በዚያ አያበቃም፤ ድርጊቱ ከቅጣት ነጻ የሚሆነው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል ሲሆንና መከላከሉ ከአደጋው ክብደት ወይም ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ከፍተኛነት ጋር ሲመጣጠን ነው። ጎረቤት ለመጥራት ፋታ ካለ፣ ሌባውም መሣሪያ ሳይዝ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሸሽ ከሆነ፣ በሬን ለማስመለስ ሕይወት ማጥፋት ይህን ሚዛን አያልፍም። ሌባው ሽጉጥ ቢመዝ ግን ነገሩ ከንብረት ወደ ሕይወት ይሻገራልና የእኔም መልስ ይለወጣል።

መጠኑን ያለፈ ሁሉ እንደ ተራ ነፍሰ ገዳይ ይታያል ማለቴ ግን አይደለም። አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲደነግግ፣ የመከላከልን መጠን በማለፍ የገደለ ሰው በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ይቅርታ በሚያሰጥ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ መጠኑን ካለፈ ደግሞ፣ በአንቀጽ 79 መሠረት ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ከአራዳ፦
ሌባውን በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ አግኝቶ የገደለ ሰውስ? እርሱ ቂም ተበቀለ እንጂ አልተከላከለም። ሽማግሌዎች ደሙን አድርቀው ቤተሰቡን ቢያስታርቁም የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀሩም።

ከአዘዞ፦
በዚህ አልከራከርም። ግን በጨለማ ሌባው መሣሪያ ይያዝ አይያዝ ገበሬው በምን ያውቃል?

ከማራኪ፦
ለዚህ አንቀጽ 80 አለ። በፍሬ ነገር ተሳስቶ የሚተኩስበት ሰው ታጥቋል ብሎ ያመነ ሰው የሚዳኘው ባመነው ልክ ነው፤ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ ቢሆን ስሕተቱን ያስቀረው ከነበረ ግን በቸልተኝነት ይጠየቃል። ስለዚህ የእርስዎን ገበሬ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ከመተኮሱ በፊት ባትሪ አብርቶ ወይም «ማነህ?» ብሎ እንደሆነ ነው።